በድምፅሽ የሚጠራው

እታለም ዝናሽ፣ በጠባነው ጡት ይዤሻለሁ ዛሬስ እመኚኝ። አንብበሽ ሳትጨርሺ አትሳቂ፣ «ደሞ ጀመራት» ብለሽም አትተይው። ትናንት ስደውልልሽ ሳቅሽና ዘጋሽብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሺም። ያኔ በወንድማችን በሰውአገኝ ጊዜም ያመነኝ የለም። አሁንም ካላመንሽኝ ሌላ ሰው ይሄድብናል፣ እሱን ነው የምልሽ።

ለመሆኑ አንቺ ደኅና ነሽ ወይ? ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፣ የምሬን ነው። እጅ እግርሽ ደኅና ነው? ወገብሽስ? ያ ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ ሳል እንዴት ሆነልሽ? ሆላንድ ክረምቱ ጠና ወይስ ለቀቅ አደረጋችሁ? ባልሽ አቢ ሥራው ደኅና ነው? ፅዮን አደገች፣ አማርኛው አልጠፋትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ ከጉልበቷና ከጆሮዋ በቀር ሌላ አላመማትም፣ ላማችን ቡሬ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሸጋ ናት። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፣ ፊደሌ ቢጣመምብሽ ከአራተኛ ክፍል አለመዝለቄን ታውቂያለሽና ቀስ እያልሽ አንብቢው። ሰላም የጎረቤታችን ልጅ «ምነው በወረቀት? ባፍሽ ተናግረሽ ላኪው እንጂ» ብትለኝ እንቢ አልኳት። ድምፅ የሚባል ነገር ፈራሁ እታለም። ስጨርስ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

እንግዶችሽን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳቸው፣ በዚህስ አትቀየሚኝም። ጓደኞቼ ለጥምቀት ይመጣሉ፣ ሆቴል እንዳይገቡ፣ አገሩን አሳዪልኝ ያልሽኝን አልዘነጋሁም። በአያ ዓለምነው ሚኒባስ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልናቸው። ባልየው ሄንክ ቁመቱ ለጉድ ነው፣ ጠዳ ቤታችን በገባ በወጣ ቁጥር ጉበኑ ግንባሩን ሲመታው እማዬ አዝናለት ጨርቅ ጠመጠመችበት፣ «ይኼን ልጅ ምነው ቤቱን ስንከድን በላከችልን፣ መሰላል ባልተከራየን» ብላ አሳቀችን። ሚስቱን ሊስቤትን ደሞ «እንዲህ ያለ ስም የለም፣ ኤልሳቤጥ ነሽ» አለቻት፣ በዚያው ኤልሳቤጥ ሆና ቀረች። ሰፈሩም ኤልሳቤጥ ነው የሚላት። ይኼን ልብ በይልኝ።

አንድ ነገር አስተማርኳት፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። እኛ አገር ስምሽን ሲጠሩሽ ዝም ማለት ነውር ነው፣ አቤት ይባላል አልኳት፣ ያለ ኔትዎርክ በሚያስተረጉመው በሄንክ ስልክ። እንዴት እንደወደደችው! ማክሰኝት ገበያ ስንወርድ በርበሬ ሻጯ ሁሉ «ኤልሳቤጥ!» ትላታለች፣ እሷም «አቤት!» ብላ ከነወገቧ ጎንበስ። አንዷማ «ከኔዎቹ አንቺ ትሻያለሽ፣ እነሱ ስጠራቸው ምንድን ነው ነው የሚሉኝ» አለቻት። ሕዝቡ ሳቀ፣ እኔም ኮራሁ። ግን ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርኳት። ሲመሽ፣ ያላየሽው ሰው አንዴ ቢጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ ያ ሌላው አንዴ ብቻ ነው የሚጠራው ብዬ አልነገርኳትም። እኛ ስናድግ ማን ነገረን? እንዲሁ እናውቀዋለን። ማታ ሲጠሩን ዝም ብለን አንገታችንን ቀና አድርገን አይደል የምንጠብቅ? ለሷም የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ጥምቀትን ሸጋ አድርገን አየን፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ሌሊቱን አደርን፣ ሄንክ ውኃው ሲረጭ ከነልብሱ በሰበሰ። ፋሲል ግንብን ዞርን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንገባ ሊስቤት ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አንጋጣ አየችና በምልክት፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ አለችኝ። ለሁሉም ሰው እንደሱ ነው አልኳት። እስከዚያ ድረስ ደስታ ብቻ ነበር።

ቁስቋም የሄድን ዕለት ነው ነገሩ የመጣው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የፈረሰውን ቤተ መንግሥት እያየን ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ዘበኛው «በሉ ልዘጋ ነው፣ ሳይመሽ ግቡ» እያለ ቁልፉን ያቅጨለጭላል። ሄንክ ጆሮው ላይ ዘፈኑን ሰክቶ ማዶ ፎቶ ያነሳል። እኔና ሊስቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጠናል። ከፈረሰው ክፍል ውስጥ «ሊሴዬ» የሚል ተሰማ። አንዴ ብቻ። ያንቺ ድምፅ ነው እታለም፣ ምን ልበልሽ፣ ያ መጨረሻውን ሳብ የምታደርጊው፣ ጉንፋን ሲይዝሽ የሚሻክረው ሳይቀር። ደሞ እዚህ አገር ሊሴዬ የሚላት ማነው? እኔ ራሴ እንደዚያ እንደምትጠሪያት የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት። እሷ ፊቷ በራ፣ ብድግ ብላ «አቤት!» አለች፣ ከክፍል ክፍል እየሮጠች «ዝናሽ! ዝናሽ!» እያለች ፈለገችሽ። እኔ ዘበኛውን ሰማህ ወይ ብለው «ርግብ ነው፣ ውጡልኝ» አለኝ።

ማታ ሄንክ ያንን የሚያስተረጉመውን ስልኩን አወጣ። ሊስቤት ተናገረችበትና ስልኩ ባማርኛ፣ ዝናሽ በድንገት እመጣባችኋለሁ ብላኝ ነበር፣ መጥታ ተደብቃለች፣ አለኝ። አንቺ ስትሸኚያቸው ለጨዋታ ያልሽው ይሆናል። ከዚያ እኔም ተናገሪ ተባልኩ። የጠራሽ ሰው አይደለም፣ ሁለተኛ አቤት እንዳትዪ አልኩ። ስልኩ በነሱ ቋንቋ ምን ብሎ እንደነገራቸው እንጃ፣ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ፣ ሊስቤት ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሄንክ ጠቀሰኝ። እኔ መምጣትሽን አውቄ የምደብቅ መሰላቸው! ብምል ብገዘት፣ ባለቅስ፣ ይብሱን ያምናሉ።

በማግሥቱ እዚሁ ጓሯችን ከባሕር ዛፉ ጀርባ ጠራት። ከእማዬ ጋር ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቢላዋውን ጥላ ተነሣች። ቀሚሷን ይዤ ብጎትት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሽ... እያለች፣ እየሳቀች አመለጠችኝ። ሮጬ ዛፎቹ መካከል ደረስኩባት፣ ማንም የለም። እማዬ እንደሆነች ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ደወል እንኳ በግድ ነው የምትሰማ። «ምን ነካሽ፣ እንግዳ እንዲህ ይጎተታል?» ብላ ተቆጣችኝ።

ትናንት ጧት ነው እንግዲህ ለአንቺ የደወልኩት። ከሊስቤት ጋር ላገናኝሽ ስል ዘጋሽው። የሷ ስልክ ሻንጣዋ ውስጥ ተዘግቶ ነው ያለ፣ የሄንክም እኛ ዘንድ ኔትዎርክ አያነሳም። ማታ ቡሬን እስካልብ ዞር ብል ሊስቤት የለችም። አያ ዓለምነው ሄንክን ከከተማ አምጥቶ ሊወጣ ሲል ደረሰልኝ፣ አብረን ሮጥን። ያ ገደል ዘንድ ነው ያገኘናት እታለም፣ ሰውአገኝን ያነሣንበት። ጫፉ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታለች፣ እንደሚያቅፉት ሰው። አንድ ጫማዋ ወድቋል። አያ ዓለምነው ከኋላ ወገቧን አፈፍ አድርጎ ወደ ውስጥ ጣላት፣ «አንቺ ሴት፣ ያገሬን ስም ልታስጠፊ ነው?» ብሎ ጮኸባት። አልደነገጠችም። ወደ ታች እያሳየችን «ዝናሽ እዚህ» አለች በአማርኛ። ታች ጨለማ ነው፣ ምንም የለም። አያ ዓለምነው ከፍታ ያዞራታል ብሎ ነው ያመነ፣ ቤት ለቀረው ሄንክም እንደዚያው ነገረው። ይዘናት ስንመለስ ከኋላችን፣ ከገደሉ ሥር፣ «ስንዱ» አለ። እኔን! በድምፅሽ፣ ልጅ ሆኜ ራሴን ስትሠሪኝ እንደምትጠሪኝ አድርጎ። አቤት ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፣ ነጠላዬን ነከስኩት። አያ ዓለምነውን አየሁት፣ ምንም አልሰማም፣ ስለ ጫማው ያወራል።

ሰውአገኝም እንደዚሁ ነበር የሄደ። አባባ ከሞተ ከርሞ፣ ወንድማችን በሬ ሊያስር ወጥቶ፣ እኔ ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ በአባባ ድምፅ ከወደ ገደሉ ተጠራ። «አቤት አባባ» ብሎ ገመዱን ጣለና ሄደ፣ በማግሥቱ ሬሳው መጣ። ሰክሮ ነው አሉ፣ ጠላ በአፉ ያልዞረውን ልጅ። እኔ የሰማሁትን ብናገር አንቺ የተማርሽው «ሕፃን ናት፣ ቃዥታ ነው» አልሽ፣ እኔኑ ጠበል ወሰዱኝ። አልተቀየምኩሽም። ዛሬ ግን እንደዚያ እንዳትዪኝ።

ያባባን ድምፅ ሲያሰማ አባባ ሞቶ ነበር። አሁን ያንቺን ያሰማል። ገብቶሻል ለምን ደኅና ነሽ ወይ እያልኩ እንደምጠይቅሽ? ትናንት የሳቀችብኝ አንቺ መሆንሽንም መጠርጠር ጀመርኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የዛሬው ደሞ ከሁሉ ባሰ። ጧት ሊስቤት ለእማዬ በምልክትም፣ የሄንክን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋም ዝናሽ መጥታለች፣ ዛሬ ማታ ትገባለች ብላ ነገረቻት። እማዬን ብታዪያት ታለቅሻለሽ። ዶሮ አሳርዳለች፣ ቄጠማ አስመጥታ ጎዝጉዛለች፣ ያንን በሠርግሽ የለበሰችውን ቀሚስ አውጥታ ጸሐይ ላይ አሰጥታለች፣ አልጋሽን ራሷ አነጠፈች። «አልመጣችም እማዬ» ብላት «ምቀኛ! ታላቅሽ ስትመጣ ቅር አለሽ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከእማዬ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ድምፁንስ እሷ አትሰማውም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሊስቤት ግን እጇን ይዛ፣ ስትጠራን አብረን እንወጣለን ብላታለች። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ያንን የገደል መንገድ! ሄንክን አያ ዓለምነው ወለቃ ሸክላ ሊያሳየው ይዞት ሄዷል፣ ሲመሽ ነው የሚገቡ። በሩን ልቆልፍ ብል እማዬ ቁልፉን ከአንገቷ አትለይም፣ ጎረቤት ልጥራ ብል ያኔ ጠበል የወሰዱኝ ናቸው፣ ዛሬም የሚይዙ እኔን ነው፣ እነሱን አይደለም። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲወጣ እኔ ብቻዬን የትኛዋን ልያዝ?

እኔን አይሰሙኝም፣ አንቺን ግን ይሰማሉ። ሆላንድ ነኝ፣ ቤቴ ነኝ፣ አልመጣሁም ብለሽ ለሊስቤት በቋንቋችሁ ንገሪያት። ድምፅሽ ብቻ አይበቃም፣ ፊትሽ ይታይ፣ መስኮትሽን፣ በረዶውን፣ ፅዮንን አሳዪያቸው። እማዬ ታዝናለች፣ ዶሮው በከንቱ ታረደ ትላለች፣ ግድ የለም፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ታልቅስ። ሰላም ይኼን ልካልሽ ስልኳን ትታልኝ ትሄዳለች፣ በእጄ ይዤ ደጃፍ ላይ እጠብቃለሁ፣ የኔ ስልክ ፊት አያሳይምና በሷ ቁጥር ደውይ።

አያ ዓለምነው ሰላም ብሎሻል፣ ሰላምም እንደዚሁ። ለአቢ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ እሱ ካንቺ ቀድሞ ይኼን ካየው ይቀስቅስሽ፣ ሥራ ላይም ከሆንሽ ያስጠራሽ። ፅዮንን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አክስትሽ በይልኝ። እማዬ ሰላምታ አልላከችልሽም፣ ማታ በዓይኔ አያት የለም ወይ ብላ።

እታለም፣ የናንተን ፀሐይ አትዪ፣ የኛ ቀድማ ነው የምትጠልቅ። እናንተ ዘንድ ገና ቀን ሲሆን እኛ ዘንድ ጨልሟል። ቁጭ ባልሽበት ሁኚ፣ ተነሺም ባልልሽ፣ ግን አሁኑኑ ደውይ። ከመሸ በኋላ አትደውዪልኝ። ከመሸ አንቺው ራስሽ ብትሆኚ፣ ስንዱ ብለሽ በስልክም ብትጠሪኝ፣ አቤት አልልሽም። ሳይመሽ ደውይ።

እህትሽ ስንዱ
ጠዳ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከምሳ በኋላ