በቁሜ ያወጣሁት ተዝካር

መካነ ሰላም፣ የካቲት 21 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለቀድሞዋ ባለቤቴ
ደጎሎ

የሰባት ዓመት ሰላምታ ባንድ ጊዜ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? ወንድምሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱስ ደህና ነው? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ነጋዴው ውበቱ ነው። በጣም ከስቷል ብሎ ቢነግርሽ፣ ለጾሙ ከወዲሁ እየተለማመደ ነው በይው።

ወሬው ቀድሞኝ ካልደረሰ፣ ተዝካሬን አውጥቻለሁ። አትደንግጪ፣ አልሞትኩም። የቁም ተዝካር ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ለነፍሱ ደግሶ ድሃ ሲያበላ የነበረ ነው፤ እኔ ስደግስ ነው እንጂ ያልታየው። ከተማው እስካሁን አፉን እንደያዘ ነው። አንቺም አሁን በእጅሽ አፍሽን ሸፍነሽ እየሳቅሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቂ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በአጅባር በኩል ሰው ይመጣ ጀመር፤ ከምሥራቅ፣ ዝናብ ከቀረበት አገር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ነበር። ኋላ መንደሩ እንዳለ ተነቅሎ መጣ። ታቦት የሚያድርበት የጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ከብቱ መንገድ ላይ አልቆባቸዋል። አንዱ ገበሬ ባዶ ቀንበር ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁትና በሬ ሳይኖርህ ለምን ትሸከመዋለህ አልኩት። ታዲያ የት ልጣለው አለኝ። ወደ ሱቄ ገባሁ።

ጠላ ሻጯ ይታይሽና ጨርቅ ነጋዴዋ ሀሊማ ጆንያ ይዘው ቤት ለቤት እፍኝ እፍኝ እህል መለመን ጀመሩ። ሁለቱም ወዳጆችሽ ነበሩ፤ እንዲያውም ከእኔ በቀር ካንቺ ጋር ያልተስማማ ሰው አላስታውስም። ሦስት ቀን ሰበሰቡ። በአራተኛው ቀን አንድ ሹም መጣና ረሃብ ገባ ያላችሁ ማነው፣ ያለ ፈቃድ መዋጮ ማን አስጀመራችሁ ብሎ ጆንያውን ወሰደው። ይታይሽ አንድ ቀን ታስራ ዋለች። ስትፈታ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ወደ እኔ መጣች። አባተ፣ አንተ ጎተራህ ሙሉ ነው፣ አደራህን አለችኝ።

እምቢ አልኳት። የምደብቅሽ ነገር የለም። ጎተራው ሙሉ ነበር፤ ቁልፉም እንደምታውቂው አንገቴ ላይ። ሹሙ ከልክሏል አልኳት። እንዲህ ያለ የሚመች ክልከላ በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም። በሬን ወለል አድርጋ ትታው ወጣች። እሷን ታውቂያታለሽ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልነግርሽም።

በጥር ወር ለሆዴ ነገር ደሴ ሄድኩ። ከመኪናው ላይ ሆኜ ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተኛው ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው አልነበረም። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ሆዴን ዳብሶ፣ ደግሞ ዳብሶ፣ ቤተሰብ አለዎት ወይ አለኝ። ነበረኝ አልኩት። የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝና ወደ አገርዎ ይግቡ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ይሁኑ አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ከዚህ በላይ አላስለፋሁትም።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ለረሃብተኛ መሰብሰብ ተከልክሏል። ተዝካር ግን ማን ይከለክላል? ተዝካር ነው ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ እህሉንና እንጨቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ ድሃውም ሳይጠራ ገብቶ ይበላል። እንደደረስኩ የነፍስ አባቴን አባ ወልደ ገብርኤልን ተዝካሬን በቁሜ ላወጣ ነው አልኳቸው። ገና ጎልማሳ ነህ፣ ምን አጣደፈህ አሉኝ። ጾሙ እየገባ ነው አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም አሉ። ምኑን እንደማይናገሩ አልጠየቅኳቸውም።

ይታይሽ መጀመሪያ አበድክ እንዴ አለችኝ፤ ነገሩ ሲገባት ሳቋን መያዝ አቃታት። ሀሊማ ወላሂ አንተ ሰውዬ ከሹሙ የባስክ ተንኮለኛ ነህ ብላ በየእስላሙ ቤት እየዞረች የአባተ ተዝካር ነው፣ ያላችሁን አምጡ አለች። ያልመጣ የለም። ግማሹ የመጣው ለነፍሴ ብሎ ሳይሆን የገብጋባውን አባተን ድግስ በዓይኑ ለማየት ነው። ይሁን፤ ያመጣው ገብስ ያው ገብስ ነው። ለእስላሞቹ ለብቻ ታረደ፣ ለብቻ ዳስ ተጣለ። ሜዳው ላይ የሰፈረው ሁሉ ሦስት ቀን በላ።

በሁለተኛው ቀን ሹሙ መጣ። እነዚህ እነማን ናቸው አለ። ይታይሽ በተዝካር ቤት ማን ነህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ፣ ነውር ነው አለችው። የማን ተዝካር ነው አለ። ሀሊማ በጣቷ እኔን አሳየችው። ወጥ እያዞርኩ ነበር። ሟቹ እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ አልኩት። ዙሪያውን አይቶ ተቀመጠ። አንድ ሞሰብ ለብቻው በላ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንዲት አልታየች የምትባል ሴት ነበረች። ልጆቿ ስንት እንደነበሩ አልጠየቅኳትም፤ አንድ ይዛለች። ካቀረብንላት ግማሹን በልታ ግማሹን በነጠላዋ ቋጠረች። ስትወጣ የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ነፍስ ይማር ሳትል መሄድ አልፈለገችም። ሰዎቹ እየሳቁ አሳዩዋት። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀረብ አለችና ነፍስዎን ይማር አባቴ አለችኝ። አሜን አልኩ። ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገባ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ጓሮ ስደርስ የኋላው በር አጠገብ ቆምኩ። አንቺ በዚያ በር ለበለጡ አንድ ቁና ገብስ ስታቀብያት የያዝኩሽ ጊዜ ትዝ አለኝ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ነበረች። ሰባት ቀን አኩርፌሽ ከዚያ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። አንቺም በቁልፍ ከተዘጋብኝ ቤቴ አይደለም ብለሽ ሄድሽ። እውነትሽን ነበር። ያን ቀን ብቻዬን ቆሜ አፈርኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሦስት ቀን መብላት እስከ በልግ አዝመራ አያደርስም። ስለዚህ ይህ አርባዬ ነው ብለን ተማክረናል፤ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ይቀራል። በጾሙ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሹሙ ቢመጣ የተዝካር እህል ነው ተብሎ ይመለሳል። የከተማው ሰው ባንድ ዓመት አራት ጊዜ ልትሞት ነው እያለ ይቀልድብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ።

ነገር ግን ተዝካር የቤቱን ሰው ይፈልጋል። የወንድሜ ልጅ ምናለ ከወግዲ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጎተራውን በዓይኑ ለክቶ ሄዷል። ቁርጥ እኔን ነው። ቁልፉ እሱ እጅ ከገባ ሜዳው ላይ ያሉት ከበልግ በፊት ያልቃሉ። ስለዚህ አባ ወልደ ገብርኤልና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ቤቱም እህሉም በእጇ ነው ብዬ ስምሽን ጠርቻለሁ። ሳላስፈቅድሽ ነው። ከተማው የምትመጪው ልትታረቂኝ ይመስለዋል፤ እንዲመስለው ተይው።

ውበቱ የሚሰጥሽ በጨርቅ የተሰፋ ነገር ቁልፉ ነው። ክሩ የድሮው ነው። የኋላውን በር በሚስማር መትቼ ዘግቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ አያስፈልግሽም። በፊት ለፊቱ በር ስጪ። ውበቱ የሚመለሰው ዓርብ ነው፣ ትርፍ በቅሎ አለው። እባክሽ ከዚያ አታሳልፊው።

ለጉልበትሽ ምሕረት ይላክልሽ። በደጅሽ የሚቆም ሁሉ ጠግቦ ይሂድ። ጾሙን በሰላም አስፈትቶ ለፋሲካ ያድርስሽ።

የቀድሞ ባልሽ