ጣሃ በጊዜ ተኛ

ዱብቲ፣ የካቲት 1981 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ወንድሜስ የላክሁለት የሩጫ ጫማ ልኩ ሆነለት? እኔ ከዱብቲ ሙቀት በቀር ምንም አልነካኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ክፉ ወሬ ነው። ይህን ወረቀት ለፖስታ ቤት አላምነውም፤ ሾፌሩ ሰላሀዲን በእጅሽ ያደርስልሻል።

ባለፈው፣ ተማሪዎቼ በማለዳው ስፖርት ላይ ቆመው ያንቀላፋሉ ብዬሽ አልነበር? ምክንያቱን ያገኘሁት ኡሙሀኒ ሻይ ቤት ነው። ሾፌሮች ከአሰብ ባመጡላት ቪዲዮ ማታ ማታ የህንድ ፊልም ታሳያለች። ከትንንሾቹ ገንዘብ ትቀበላለች፤ ረጃጅሞቹን ግን በነፃ አስገብታ፣ ፊት አስቀምጣ ሻይ ትደግምላቸዋለች። በጣም ገረመኝ። እናቶቹን ሰብስቤ፣ ልጅ ካልተኛ አይሮጥም፣ ካልሮጠም እንቅልፍ አይወስደውም፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ተመልሶ ቪዲዮው ፊት ይጎለታል ብዬ ኮሌጅ የተማርኩትን ሁሉ አወራሁላቸው። ከዚያ ኡሙሀኒ፣ ቲቸር አንቺም ነይ እንጂ፣ የዛሬው አክተር ባል ይሆንሻል ስትለኝ ሁሉም ሳቁብኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

የሰማችኝ ሀምዳ ብቻ ናት። ባሏ ሞቶባት በቅርቡ ከአዳይቱ መጥታ እዚህ ጥጥ ትለቅማለች። ልጇ ጣሃ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ግን ጎንበስ ሳይል በር አያስገባውም። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አታስወጪው አልኳት። ኢሻ እንደተሰገደ ታስተኛው ጀመር። እማዬ፣ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ! ሜዳው ላይ ሲበር እያየሁ ሳጨበጭብ መዳፌ ቀላ። አዋሽ ለሚደረገው ውድድር ከሁሉ አስቀድሜ የመረጥኩት እሱን ነው። ሀምዳ እልል አለች።

ትናንት ሯጮቹን አዋሽ ያደረሰው መኪና ተመለሰ። ትንንሾቹ ወረዱ። ጣሃ የለም። የት ቀረ ብዬ ብጠይቅ ትንሿ ኡምሰልማ፣ ወታደሮች ረጃጅሞቹን እየለዩ ሌላ መኪና ላይ ጫኗቸው፣ ለውትድርና ነው ተባለ አለችኝ። ለውትድርና! በአሥራ አምስት ዓመቱ!

ወደ ኡሙሀኒ ሮጥኩ። አሁን አልሳቀችም። አምናም አንቺ ሳትመጪ ከአዋሽ ሯጮቻችን አልተመለሱም፣ አንዱ የኔ ልጅ ነው አለችኝ። ልጄን አልልክም ያለች እናት ፀረ አብዮት ትባላለች፤ ሜዳ ላይ ለሚያንቀላፋ ልጅ ግን ማን ምን ይላል? ረጃጅሞቹን የማስመሸው ለዚህ ነው አለችኝ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሽ በምን እንመንሽ አለችኝ። ለሀምዳስ? ስል፣ ልንነግራት ስንል አንቺ ቀደምሽን አለች።

ከዚያ ወደ ሀምዳ ሄድኩ፣ እማዬ።

ሀምዳ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጅ መሆኑን ንገሪልኝ፣ ይሰሙሻል ነው ያለችኝ። ነገ አብረን አዋሽ እንሄዳለን። ይሰሙኛል። የማይሰሙኝ ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ተማርኩ?

ወንድሜን በማለዳ ቀስቅሺው፣ ይሩጥ ብዬሽ ነበር፤ ተይው። ጎረቤት ቴሌቪዥን እስኪዘጋ ይይ፤ ጠዋትም እስኪበቃው ይተኛ። ሰነፍ ቢሉት አትናደጂ፤ አንቺም ሰው ፊት ሰነፍ በይው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ ሁለታችንንም ለዓይንሽ ያብቃን።

የምትወድሽ ልጅሽ

ጫማውን ደብቂበት።