የዚነት ድንጋይ የገባበትን ቤት ስለመጠየቅ

ቆቦ፣ ጥር ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለተከበሩ የባሕር ማዶው ቤት ሠሪ ድርጅት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሲሚንቶ ማቡኪያ መኪናዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። ስሜ በድረዲን ይባላል፤ አምና ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ለመንደር ምሥረታ ያቆሟቸውን የአርባ ቤቶች መሠረትና የግድግዳ ግርጌ የገነባሁት ግንበኛ እኔ ነኝ። አገርዎ እንደ እኛው ከድህነት ጋር ስትታገል ኖራ ገና ቀና ማለቷ ሆኖ ሳለ፣ ድርጅትዎ ከድንበር ወጥቶ ቤት መሥራት ሲያምረው የመጀመሪያ ሙከራውን በእኛ ላይ በማድረጉ ኮርተናል። መለማመጃ መሆን ለሁሉ የሚደርስ ዕድል አይደለም።

ለቅሬታ ሳይሆን ለምስጋና ያህል የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በየቤቱ የማሞቂያ ምድጃና የጭስ መውጫ ስላቆሙልን እናመሰግናለን። የአገርዎ በረዶ አንድ ቀን መንገድ ስቶ ራያ ሜዳ ቢወርድ ተዘጋጅተን እንጠብቀዋለን፤ እስከዚያው ወፎች ጎጆ ሠርተውበታል።

፪ኛ/ ሥራዎን አይተው ቤት እንዲያዙዎ ከሌሎች አገሮች የሚመጡት ልዑካን ከመኪና መውረድ እንዳያስቸግራቸው፣ በሮቹን ሁሉ ወደ አውራ ጎዳናው ማዞርዎ ብልኅነት ነው። የመኪናው አቧራም በር ሳይፈልግ ይገባል።

፫ኛ/ ስለ ድንጋዩ። በእኛ መንደር መቃብር አይታጠርም፣ ስምም አይጻፍበትም፤ ሟቹ በሕይወቱ ሲይዘው የኖረው ዕቃ ተቀርጾበት አንድ ድንጋይ በራስጌው ይቆማል እንጂ። ገበሬ ማኅበሩ ድንጋይ እንዲያዋጣ ታዝዞ ስለነበር፣ የእርስዎ ሾፌሮች ከጋራው ሥር የተጠረበ ድንጋይ ተደርድሮ ቢያገኙ የተዋጣላቸው መስሏቸው ጭነው መጡ። አልወቅሳቸውም። ጭቃ እንደተለቀለቀ ያራገፉልኝን፣ ተጠርቦ መጣልኝ ብዬ እየተደሰትኩ፣ በኮታ እየተጣደፍኩ የገነባሁት እኔ ነኝ። የገዛ ጎረቤቶቼን ራስጌ እየደረደርኩ ዓይኔ አላየም፤ ያወቅሁት በኋላ መቃብሩን ያለ ድንጋይ ሳገኘው ነው።

ከእነዚያ አንዱ የባለቤቴ የዚነት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው ያረፈችው፤ የሰፈሩን ሴቶች ፀጉር የምትሠራው እሷ ነበረችና ሚዶ ቀረጽኩላት። ዛሬ መቃብሯን ከሌሎቹ መለየት አልችልም፤ ድንጋይዋም ከአርባው ቤት በየትኛው እንዳለ አላውቅም።

ነዋሪዎቹ ደኅና ናቸው። የዘጠኝ ቁጥሯ እመት ሲቲ በማን ራስጌ ላይ እንደምደገፍ በምን ላውቅ እያለች ግድግዳ መደገፍ ትታ ከቤቱ መሐል ትቀመጣለች። ሌሎቹም ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቁና አስቀድመው ለግድግዳው አሰላሙ አለይኩም ይላሉ። በቀትሩ ንዳድ ቆርቆሮው ሲንቋቋ ምላሽ የተሰጠው መስሎት ሮጦ የሚወጣም አለ። እኔም በየተራ እየዞርኩ መሠረቱን በመዶሻ አንኳኳለሁ፤ ካንኳኳሁ በኋላ ጆሮዬን ማስጠጋት እፈራለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ፈራኋት፣ ክቡር ሆይ፤ ይህንንም ያገኘሁት ከእርስዎ ጋር በመሥራቴ ነው።

ካሣ አልጠይቅም፤ ቤትም ይፍረስ አልልም። የትኛው መኪና ጭነቱን በየትኛው ቤት እንዳራገፈ የሚያሳየውን መዝገብ ብቻ ይላኩልኝ፤ አንዱን ድንጋይ አውጥቼ በሌላ የምተካው በራሴ ጉልበት ነው።

በሚቀጥለው አገር ሥራዎ እንዲሰምር፣ የዚያም አገር ሙታን እንደ እኛዎቹ ተባባሪ እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር እጅ እነሣለሁ።

ግንበኛ በድረዲን

ግልባጭ፦
ለአርባዎቹ ቤቶች ነዋሪዎች
ለግድግዳዎቹ

ማሳሰቢያ፦ ለሌሎች አገሮች ቤት ገዢዎች ያሳተሙት ባለ ቀለም መጽሔት ይህን ከፈረምኩ በኋላ ደረሰኝ፤ ምስጋናዬ ይድረስ። ሽፋኑ ላይ፣ ፎቶ አንሺዎ እንዳዘዘኝ ድንጋይ ከፍ አድርጌ ይዤ እየሣቅሁ እታያለሁ። ያን ዕለት የድንጋዩ ጀርባ ወደ እኔ፣ ፊቱ ወደ ካሜራው ነበር። በጣቶቼ መካከል፣ ጭቃው በተጠረገበት፣ ሚዶው ይታያል። ከጎኔ የቆመው፣ የቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ግን ለሽፋኑ እንዲያምር ተቆርጦ ወጥቷልና፣ እባክዎ ፎቶውን ሙሉውን ይላኩልኝ።