ቁልፍ የተረከበ እንግዳ

ወንድምዬ፣

ብርዱ አልፎ አበባው ሲፈነዳ፣ ከተማው በበዓል ሲደምቅ ልድረስ ብዬ ዓመት ሙሉ ያቀድኩትን ጉዞ ታውቃለህ። እነሆ፣ በክብር ደረስኩ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በር ላይ ተቀበሉኝ። ለካ እሳቸውም ለበዓሉ ጉዞ አቅደው ኖሯል። ወዴት? እኛ አገር፣ ፀሐይ ሊሞቁ!

"ሌሎች እንግዶች ሲመጡ አንሶላ ቀይርላቸው፤ አንተ እንግዲህ የቤት ሰው ነህ" ብለው ቁልፉን አስታቀፉኝ። እኛ ጋ እንግዳ ሳህን ላንሳ ቢል እንኳ "በሞቴ ተቀመጥ" ይባላል!

ይህችን የምጽፍልህን ፖስት ካርድ የሚያደርሱልህ እሳቸው ናቸው፤ "ፍጠን ልጄ፣ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሊሄድ ነው" እያሉኝ ነው። መጻፊያ ቦታው አለቀብኝ፤ እማዬንና ልጆቹን ሳምልኝ። ሽማግሌውን ግን አደራ፣ አታሞላቅቃቸው። ከተመቻቸው አይመለሱም፤ እኔም ለእረፍት እንደወጣሁ የሰው አንሶላ ሳጥፍ እቀራለሁ።