«ማንም የለም» ብሎ ለሚተኛ የኃይል ሣጥን አምስት ኮከብ ለሰጡት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደኅንነት ቢሮ ክቡር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎን፣ ዓይንዎንና በተለይም እንቅልፍዎን ደኅና ያድርግልዎ ስል ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደብዳቤዬ ሰው ስለሚተኛው እንቅልፍና ዕቃ ስለሚተኛው እንቅልፍ ነው።

እኔ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ የኤሌክትሪክ ሥራን ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍና ከተቃጠሉ ሬዲዮኖች የተማርኩ ሰው ነኝ። ክቡር ቢሮዎ ሦስት ጊዜ የሥራ ፈቃድ ከልክሎኛል። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ «አመልካቹ ክርክር ያበዛል» ተብሎ የተጻፈው፣ ከቢሮዎ ከወጡ ጽሑፎች ሁሉ ስሕተት ያላገኘሁበት ብቸኛው ዐረፍተ ነገር በመሆኑ እስከ ዛሬ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ወር ቢሮዎ «ለመኝታ መኪና የሚሆን የኃይል ሣጥን አመራረጥ» የሚል ባለ ሃያ ሁለት ገጽ መመሪያ አውጥቷል። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ የኃይል ሣጥን ማለት በውስጡ ትልቅ ባትሪ፣ በጎኑ ሶኬት ያለው፣ በእጅ የሚንጠለጠል ዕቃ ነው። ወደ መኝታነት በተቀየረ ቫን የሚጓዙ ሰዎች ከመንገድ ዳር፣ ከሐይቅ ዳር ሲያድሩ መብራታቸውን፣ ስልካቸውንና ሌላውን ከእሱ ይሰካሉ። የሟች ታናሽ ወንድሜ ልጅ ከአባቷ የወረሰችው እንዲህ ያለ ቫን አላት። ቅዳሜ ከባለቤቷ ጋር ለአንድ ወር ልትጓዝበት ነው። ሣጥኑንም የመረጠችው በእርስዎ መመሪያ ነው። እኔ ስቃወማት፣ «አጎቴ፣ አንተ ከመንግሥት ቢሮ በላይ ታውቃለህ?» አለችኝ። አዎ ስላልኳት ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

እኔም መመሪያውን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ጊዜ በእርሳስ። አቤቱታዬን በቁጥር ማቅረቤ ለፋይልዎ አመቺ እንዲሆን ብዬ ነው።

አንደኛ። በአምስተኛው ገጽ ላይ ይህ ሣጥን አንድ ጊዜ ተሞልቶ አርባ ስድስት ስልክ እንደሚሞላ ለሕዝብ በማሳወቅዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመኪናው ውስጥ የሚተኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። የቀሩት አርባ አራት ስልኮች የማን እንደሆኑ ቢገለጽልን ደግሞ የበለጠ እናመሰግን ነበር። ስንት ሲኒ ውሃ እንደሚያፈላ፣ እጀታው ለጣት እንደሚመች፣ ቀለሙ ቆሻሻ እንደማያሳይም ተጽፏል። ተኝቶ የሚያድረውን ሰው የሚመለከት ነገር ፍለጋ እስከ ዘጠነኛው ገጽ መሄድ ነበረብኝ።

ሁለተኛ። ዘጠነኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦ በጋዝ ማሞቂያ የሚጠቀም ሰው ሽታ የሌለውን መርዘኛ ጭስ የሚያሳውቅ ደወል ይኑረው፤ ደወሉንም ከኃይል ሣጥኑ ሶኬት ላይ ይሰካው። መልካም ምክር ነው። ዐሥራ አራተኛው ገጽ ደግሞ ሣጥኑ ከዐሥር ዋት በታች የሚስብ ዕቃ ብቻ ሲሰካበት ከአራት ሰዓት በኋላ ራሱን በራሱ ስለሚያጠፋ፣ ስለ ቆጣቢነቱ አምስት ኮከብ ተሰጥቶታል ይላል። ይህም መልካም ነው። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የጋዝ ደወል የሚስበው ሁለት ዋት ነው። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ፣ ስልኩ ሲሞላ፣ ሶኬቱ ላይ የሚቀረው ደወሉ ብቻ ነው። ዘጠነኛውን ገጽና ዐሥራ አራተኛውን ገጽ የጻፉት ሰዎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ፣ በደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ቢለዋወጡ ጥሩ ነበር።

አላመንኩም። እኔ የተጻፈ አላምንም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሣጥኑን ሞልቼ፣ ደወሉን ሰክቼ፣ የቫኑን በር ከውስጥ ዘጋሁና ወንድሜ ይተኛበት በነበረው በኩል ተቀመጥኩ። ፍራሹ አዲስ ነው፤ ቦታው ግን ያው ነው። በሩን ዘግቼ እዚያ ስቀመጥ ከዐሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሌላውን ሁሉ ስታድስ፣ በበሩ ኪስ ውስጥ ያለውን የአባቷን መነጽር አላነሣችም። አንደኛው ክንዱ በእኔ ሽቦ የተጠገነ ነው። ወደ እሱ ላለማየት የደወሉን አረንጓዴ መብራት አየሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። አንድ ጊዜ ከኋላዬ ሰው የተገላበጠ መሰለኝና ዞርኩ፤ ፍራሹ ነው፣ እኔው ስነቃነቅ። ከዚያ ወዲያ ሳልነቃነቅ ቆየሁ።

ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ሣጥኑ «ቀጭ» አለ። ጩኸት የለም፣ ምልክት የለም። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ሣጥኑ ዘጠና አምስት ከመቶ ኃይል ይዟል። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ፤ እተነፍሳለሁ። እሱ ግን ማንም የለም ብሎ ተኛ። ማክሰኞም ሞከርኩ፣ ረቡዕም ሞከርኩ። ሦስቱንም ቀን ሰዓቱን ሳያዛባ አደረገው። የሣጥኑ ሰዓት አክባሪነት ለቢሮዎ ሠራተኞች አርአያ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ። ማክሰኞ ቀን ቢሮዎ ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ወጣት ትሕትናዋ ልብ የሚነካ ነው። «አባባ፣ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። አፑን አውርደው ቅንብር ውስጥ ይገቡና ያጠፉታል» አለችኝ። ምኑን ብላት፣ «ራሱን እንዳያጠፋ ማጥፊያውን ያጠፉታል» አለች። ስልኬ ቁልፍ የሚጫኑበት ዓይነት ነው ስላት፣ «የልጅ ልጅ የለዎትም እንዴ?» ብላ አዘነችልኝ። ለማንኛውም በወንድሜ ልጅ ስልክ ተደረገ። ባትሪው አንድ ጊዜ ተሟጦ እንደገና ሲሞላ ሣጥኑ ወደ ጥንቱ ጠባዩ ተመለሰ። ይህንንም አስረድቼ ብደውል፣ ከዐሥር ዋት በታች የሚስብ ነገር ሲኖር «ተጠቃሚ እንደሌለ ይቆጠራል» የሚል ንባብ ከወረቀት ተነበበልኝ። ይህን ቃል ያወጣውን ባለሙያ እጁን ጨብጬ ባመሰግነው ደስ ባለኝ። ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው ስንት ዋት እንደሚስብም እጠይቀው ነበር።

የወንድሜን ልጅ ባል በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ደወል ደግሞ እንዲገዛ ነግሬዋለሁ፤ ገዝቷል። መመሪያዎን ያመኑ ሌሎች ሰዎች ግን አጎት እንደሌላቸው እገምታለሁ።

አራተኛ። ይህን ቁጥር የጻፍኩት ሦስት ቀን አስቤበት ነው፤ አቤቱታው በእርስዎ ላይ አይደለም። ሆኖም መዝገቡ በእርስዎ ቢሮ ስላለ መቅረብ ያለበት ለእርስዎ ነው።

ያንን «ቀጭ» የሚል ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ወንድሜ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ሲወጣ፣ ያንን ቫን ገዝቶ አምጥቶ «ኢንጂነር፣ ቤት አድርግልኝ» አለኝ። ኢንጂነር የሚለኝ ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ሽቦውን በሙሉ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። መብራቱን፣ ቬንትሌተሩን፣ የጋዝ ደወሉን። ደወሉ የራሱ መስመር እንዲኖረው ከፊት ካለው ፊውዝ አራት ሜትር ሽቦ መሳብ ያስፈልግ ነበር። የመብራቱ መስመር ግን በደወሉ ሥር ያልፋል። ከዚያው ቀጠልኩት። አራት ሜትር ሽቦ ቆጠብኩ። ከአልጋው አጠገብ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አደረግሁለት፤ ወንድሜ ሲሞክረው፣ «አንድ ጣት፣ ሁሉም ዝም! እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ደወሉም አብሮ ዝም እንደሚል አልነገርኩትም። ያን ቀን ራሴም ያሰብኩት አይመስለኝም።

በዓመቱ፣ በብርድ ወራት፣ ከሐይቅ ዳር አደረ። የማሞቂያው ጭስ መውጫ ተደፍኖ ነበር። የቢሮዎ መርማሪ ነጭ ጓንት አድርጎ መጣ። ደወሉን ወስዶ መረመረው፤ ደኅና ነው። የመኪናው ባትሪ ተነቅሎ ስለነበር ማብሪያ ማጥፊያውን ሲነካው የሚበራም የሚጠፋም ነገር አልነበረም። ከደወሉ የሚወጣውን ሽቦ ተከትሎ ነበር የደረሰበት፤ ወደ ማጥፊያው በኩል ዞሮ አገኘውና «የደወሉ ማጥፊያ» ብሎ ጻፈው። ከዚያ እኔን ዐሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም በእውነት መለስኩ። ያ ማብሪያ ማጥፊያ ሌላ ምን ያጠፋል ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ላልጠየቀኝ ጥያቄ ባለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ቢሮዎን ሳመሰግን ኖሬአለሁ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልብ የሆነችው ምስጋና ይህች ብቻ ነበረች፤ እሷንም ዛሬ መልሼ ወስጃለሁ።

መዝገቡ «ሟች ማስጠንቀቂያ ደወሉን በራሱ እጅ አጥፍቷል» ብሎ ተዘጋ። መኪናው ሲመለስልን፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለቱን መስመሮች መለያየት ነው። ሰው እንዳይሞት አልነበረም፤ የቀረ ሰው የለበትምና። እንዳይታይ ነበር። ልጂቱ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን ስትወቅስ ሰምቻለሁ። «ያቺን የደወሉን ሚጢጢ መብራት አንድ ሌሊት መታገሥ አቅቶት ነው ጥሎኝ የሄደው» ትላለች። እኔ በቤቱ ውስጥ እያለሁ ትለዋለች። እኔም ውሃ እጠጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። ማጥፊያውን ስነካው ድምፁ ይሰማኛል፤ ከድምፁም ኋላ አንድ ደስ ያለው ሰው «ሁሉም ዝም!» ይላል። የቢሮዎ የኃይል ቁጠባ ክፍል መብራቴ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበራ ተመልክቶ በየዓመቱ የምክር ወረቀት ይልክልኛል። ሰውን ከእንቅልፉ ሳይቀሰቅሱ መምከር የቢሮዎ ልዩ ተሰጥኦ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ፣ ወደ እርስዎ ከመላኬ በፊት ሐሙስ ዕለት ለወንድሜ ልጅ ወሰድኩላት። በግቢው ውስጥ፣ ከቫኑ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ እንደገና አነበበችው። ከዚያ፣ «አጎቴ፣ አባቴ ደወሉን አላጠፋም ማለት ነው?» አለችኝ።

«መብራት ነው ያጠፋው» አልኳት። «ሊተኛ።»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ቅዳሜ መጥቶ ሄደ፤ ቫኑ ከግቢው አልወጣም። እኔ ዘንድ አልመጣችም፤ አልደወለችም። ሰኞ ዕለት ባሏ ወረቀቱን አመጣልኝ። «ደኅና ናት?» ብለው፣ «ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ጋሼ» አለኝ። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ የእርስዎ ቢሮ ሰዎች በማመልከቻ ላይ እንደሚጽፉት፣ በእጇ አንድ ቃል ጽፋበታለች፦ «ይታተም»።

ስለዚህ በጋዜጣ ታተመ።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ያሉትን ኮከቦች ያንሡና በቦታቸው ይህ ሣጥን የተኛን ሰው እንደሌለ እንደሚቆጥር በጉልህ ይጻፉ። የተዘጋውንም መዝገብ ከፍተው «በራሱ እጅ» የሚለውን ይሰርዙ፤ በምትኩ የማን እጅ እንደሆነ ይጻፉ። የሚያስከትለው ቅጣት ካለ አድራሻዬ አልተለወጠም፤ ሌሊትም ቢመጡ መብራቴ ስለሚበራ ቤቱን አይስቱትም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የቢሮዎ መቆጠብ ከኃይል አልፎ ወደ ኮከብ አሰጣጥም እንዲዛመት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በመዝገቡ አራተኛ ገጽ ላይ «ምስክር» ተብዬ የተጻፍኩት፣
ፈቃድ የሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወንድሜ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ሲያዘጋጅ፣ ቢሮው ስለ ሣጥኑ ከተጠቃሚዎች ምንም ዓይነት ቅሬታ ቀርቦለት እንደማያውቅ ይገልጽ ይሆናል። እኔም አምናለሁ። ቅሬታ ለማቅረብ መጀመሪያ ጠዋት መንቃት ያስፈልጋል።