በባሌ ፈንታ የተመረመረ ልብ

ለተከበሩ የአብራሪዎች ጤና መርማሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል ብዬ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሳይሰጉ ይመልሱልኝ፤ ደረቴን ይወጋኛል ቢሉኝ እንኳ ከወንበርዎ አላስነሳዎትም።

መህረዚያ እባላለሁ። ስፋቅስ ከተማ አጠገብ ባሉት የወይራ እርሻዎች ላይ በትንሽ አውሮፕላን መድኃኒት ይረጭ የነበረው የሸድሊ ሚስት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከዘይት ቆርቆሮና ባለቤቴ ከሚጥላቸው ወረቀቶች ላይ ሲሆን፣ የእርስዎ የጤና መጠይቅም ከእነዚህ አንዱ ስለነበረ የተማሪነት ምስጋናም አለብኝ። ሌሎቹን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መጠይቁ አሥራ አራተኛ ጥያቄ አመሰግናለሁ። «የደረት ሕመም ተሰምቶዎት ያውቃል?» ይላል፤ ከጎኑም «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። የባለቤቴ ባልደረባ ለምጀድ የዛሬ አራት ዓመት «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እርስዎም ለእውነተኛነቱ ዋጋ በዚያው ቀን ከበረራ አገዱት፤ ጉዳዩም «በመታየት ላይ ነው» ተባለ። እስከ ዛሬ እየታየ ነው። ገበያ ውስጥ ዓሣ ሲመዝን ያየው ሸድሊ ቤት ገብቶ፣ «መህረዚያ፣ እውነት የተናገረ ሰው ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

2. ሐኪም ሁለት ዓይነት መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። አንዱ የፈቃድ ሐኪም ነው፣ ሌላው የሕመም። የሕመሙ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ሩቅ ከተማ፣ በሌላ ሰው ስም ነው። አንዱ አብራሪ በወንድሙ ስም ይታከማል፣ ሌላው በአማቹ። ሸድሊ ወንድም የለውም። ባለፈው ሚያዝያ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይዞ መቆም በጀመረ ጊዜ ሱሳ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሂድ አልኩት፤ ነገር ግን ከመርማሪዎችዎ አንዱ ከሰዓት በኋላ እዚያ እንደሚሠራ ሰምቶ ነበርና፣ ሕመሙን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ከመሄዴ በፊት እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስጠናኝ።

«የት ላይ ነው የሚያምሽ?»

«እዚህ፣ መሃል ላይ።»

«ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ቀኝ ክንዴ።»

«ግራ ነው አንቺ ሴትዮ! በቀኝማ ወድቀሻል!»

ያየችኝ ወጣት ሐኪም እንዳጠናሁት ስነግራት አዘነችልኝ። አስተኝታ ደረቴ ላይ ሽቦዎች ለጠፈች፤ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አየችና፣ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የኮረዳ ልብ ነው! ምን አስጨንቆዎት ነው? ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አለችኝ። «ኑሮ ነው ልጄ» አልኳት።

ስመለስ ሸድሊ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «እህስ? ምን አሉ?» አለኝ። «ደህና ነው። የኮረዳ ልብ ነው አሉ» አልኩት። «አላልኩሽም! የጨጓራ ነፋስ ነው ብዬሽ ነበር!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ደስ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ የተለካው የማን ልብ እንደነበረ በዚያች ሰዓት ሁለታችንም ረስተን ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንዲህም ይሳሳታል።

3. በመስከረም ወር ስላደረጉለት ምርመራ አመሰግናለሁ። ጥቂት ደቂቃ አስተኝተው ልቡን ለኩት፤ ልብም አርፎ ሲተኛ ዝም ይላል። ዓይኑን አዩ፣ ጆሮውን አዩ፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ «የለም» ማለቱን አዩ፤ ከዚያም «ለመብረር ብቁ ነው» ብለው ማኅተም አሳረፉበት። በጥቅምት አንድ ጠዋት ሦስት መስመር ወይራ ረጭቶ አውሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ከክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። መካኒኩ «ካፒቴን፣ ሻይ ላምጣልህ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠርቶታል። ወረቀትዎ በደረት ኪሱ ውስጥ ተገኘ፤ ልክ ያመው በነበረበት ቦታ ላይ።

ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ ለመጣል አልጻፍኩም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ሌላ የምነግራት እንዳለ ስትጠይቀኝ «የባሌ ነው» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አሁን ልብስ ሳጥብም፣ መንገድ ስሄድም እሱን ቃል ስለው እውላለሁ። ይሁን እንጂ ከ«አዎ» ሳጥን ሥር «ታክሞ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ቢሆን ኖሮ፣ ሸድሊ የገዛ ልቡን ይዞ በገዛ እግሩ ይሄድ ነበር። ስለዚህ «አዎ» ለሚል ሰው ወደ ሥራው የሚመለስበትን ቀን እንዲጽፉለት እለምንዎታለሁ። ከለምጀድ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ዓሣ ይመዝን እንጂ፣ በሕይወት አለ።

ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለደምዎ ግፊት ልክ፣ ለእንቅልፍዎም ሰላም እየተመኘሁ፣ ምንም ጉድለት ያልተገኘበት ልብ ባለቤት የሆንኩ፣

መህረዚያ፣ የሸድሊ ሚስት

ከደብዳቤው በኋላ የተጨመረ፦ ባለፈው ሳምንት ለካፒቴን ሸድሊ የላኩት የምርመራ ጥሪ ደርሶኛል። እህል ሳይቀምስ እንዲቀርብ ያዛል። ትእዛዝዎን አክብሯል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።