ሰልባጅ ለብሼ አላውቅም

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ። ከገበያ መልስ።

ጨው ገዛሁ። ክብሪት ረሳሁ። ባንቻየሁ ብትኖር ከበር መልሳ ትሰደኝ ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሚመልሰኝ የለምና ተቀመጥኩ። እሳት ከጎረቤት ጫርኩ።

ደብተሬ፣ ዛሬ በሰልባጅ ተራ በኩል አለፍኩ። መንገዴ ስለሆነ ነው። አይ፣ መንገዴ አይደለም። ለአንቺ ምን አስዋሸኝ።

ነገሩ የረቡዕ ነው። የመቅደስን ጋብቻ ሊጨርሱ ሽማግሎች ከሙሽራው አገር ከገሳይ መጡ፣ ልጄ የሺ ቤት። መቅደስ የየሺ ልጅ ናት፣ የልጅ ልጆቼ በኩር። እኔ እንግዳ ልቀበል ከደጅ ቆሜያለሁ። ካኪዋን ካፖርቴን ለብሼ። ክርኗ የተጣፈ ነው፣ ግን ንጹሕ ናት። የሙሽራው አጎት ከመኪና ወረደ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ከእግር እስከ ራሱ አዲስ። አየኝና፣ ዘበኛ፣ ባለቤቶቹ አሉ ወይ? አለኝ።

እኔን!

አሉ አልኩ። በሩን ከፈትኩለት። ምን ላድርግ። የሙሽሪት አያት መሆኔን ሲነግሩት ዘሎ ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ። ይቅር አልኩ። ግን የሺ በዚያች ቅጽበት ካፖርቴን አየት አደረገች። እሱ ነው ያልለቀቀኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ፣ አባባ ለሠርጉ ሙሉ ሱፍ ልግዛልዎ አለች። እንቢ። የምለብሰውን በገዛ ገንዘቤ አመጣለሁ አልኩ። ባሕር ዛፍ የሸጥኩበት አለ። ሠርጉ ጥር 17 ነው።

ሱቅ ገብቼ አዲሱን አየሁ። ስስ ነው። የብርድ መሳለቂያ። በጥር ለደ/ታቦር የሚሆን አይደለም። ከዚያ ነው በሰልባጅ ተራ የዞርኩት።

አንድ ካፖርት ተሰቅሏል። ጥቁር። ወፍራም። እንደ ጠቦት ጠጉር ጥቅጥቅ ያለ። ኮሌታው ቢያነሡት ጆሮ ይሸፍናል። አልነካሁትም። ፈረንጅ ለብሶ የጣለው፣ ምናልባትም ከሞተ ሰው የተገፈፈ ነው። እኔ በዕድሜዬ ሰልባጅ ለብሼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ። ማርያም።

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን መምሬ አዱኛን ጥግ ይዤ ጠየቅሁ። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ የማያውቀውን ሙት ልብስ ሊለብስ ያስባል፣ ኃጢአት ነው ወይ አልኩ። መምሬ ሳይመልሱ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብሰብ አደረጉ። ከሥሩ ሹራብ። ቀይ። ቀንዳም አውሬ የተሳለበት፣ በረዶም ያለበት። ይሄን ጳጳሱ የላኩልኝ ይመስልሃል? አሉ። ከዚያው ተራ ነው። በዚህ ውርጭ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቁመህ እየው አሉኝ። ያ የምታውቀው ሰው ጸበል ይርጭበትና ይልበስ።

ያ ሰው እኔ መሆኔን ያወቁ መሰለኝ። ፈገግታቸው አላማረኝም።

ኃጢአቱ ቀርቷል። ክብሩስ? የክብሩን ነገር መምሬ አያውቁትም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ።

ካፖርቱ ተሸጦ እንደሆነ ላይ ሄድኩ። አልተሸጠም። ዛሬ ነካሁት። ገበሩ ለስላሳ ነው። ኪሱ ጥልቅ ነው፣ እጄ እስከ አንጓው ገባ።

ሻጯ ትርንጎ ትባላለች። አፏ ምላጭ ነው። "አያ ደምሴ፣ በዓይን ብቻ አያስረጁት እንጂ፣ ይልበሱት!" ብላ ጮኸች። ተራው ሁሉ ሳቀ። ልገዛ አልመጣሁም፣ ሰው ፈልጌ ነው አልኩ። "ታዲያ የሚፈልጉትን ሰው ከኪሱ ውስጥ ነው እንዴ የሚፈልጉት?" እጄን አወጣሁ።

ተናደድኩ። አንቺ ሴት፣ እኔ ሰልባጅ ለብሼ አላውቅም፣ ይቺ እንኳ አርጅታ ያየሻት ባለቤቴ ከጎንደር በአዲስ ያስመጣችልኝ ናት አልኩ። ደረቴን መታ መታ አድርጌ።

 አፈኛዋ ትርንጎ ዞራ የታጠፈ ሱሪ እንደገና ታጥፍ ጀመር። ምን ሆንሽ? ምንም። ተናገሪ! ምንም አልሆንኩም አያ ደምሴ። ያዝኳት፣ አልለቅ አልኩ። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ቀርባ ነገረችኝ። እትዬ ባንቻየሁ ደንበኛዬ ነበሩ፣ አፈሩን ያቅልላቸው። ይቺን ካኪ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፣ ከዚህችው ቦታ። አንድ ቁልፍ ጎድሏት ነበርና ሌላ ፈልጌ ተከልኩባት፣ ከታች ሁለተኛውን።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሌሎቹ ጥቁር ናቸው። ከታች ሁለተኛው ቡኒ ነው።

ይሄን ሁሉ ዘመን ስቆልፈው።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ።

ሙት ይወቀሳል? እኔ ወቀስኩ። ባዶ አልጋ ላይ ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቶ ከሆነ ይስማ።

ትዝ ይለኛል። በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችው። ሾፌር በእጁ ከጎንደር ያደረሰልን ነው፣ የቀረው ይሄ አንድ ብቻ ነበር አለች። በማግስቱ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ የጎንደር ነው፣ አዲስ ነው አልኩ። እሷ ከኋላዬ አፏን በነጠላ ሸፍና ትከተላለች። ያን ጊዜ ብርድ ነው ብዬ ነበር። ትስቅ ኖሯል!

ለየሺ ደወልኩ። ይሄን ነገር ታውቂያለሽ?  ሳቅ፣ እስኪያስላት። አባባ፣ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር እንዴ? አለች። እኛም ሁላችን ሰልባጅ ለብሰን ነው ያደግነው።

ከተማው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። እኔ ብቻ ስቀር። እራቴን አልበላሁም።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ።

ነገ ገና ነው። ቁጣዬ በረድ ብሏል። ስለበረደ ደግሞ ተናደድኩ።

ሳስበው፣ ያን ዓመት ሳል ይዞኝ ነበር። ደረቴ እንደ ወናፍ ይነፋል። ሰልባጅ ልግዛልህ ብትለኝ አልለብስም። ታውቀኛለች። በአንድ ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ኩራቴን ይዤ እሞት ነበር። ዋሸችኝና ዳንኩ።

እንግዲህ ሰልባጅ የማይነካው ገላዬ ዱሮ ተነክቷል። የምጠብቀው ነገር የለም።

ወሰንኩ። ያን ካፖርት እገዛዋለሁ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ።

ገዛሁት።

ዋጋውን አልጽፍም። ትርንጎ በእትዬ ባንቻየሁ ልቀንስልዎ አለች። በሙት አትቀንሽልኝ አልኳት። እንግዲያው ልጨምራ! ብላ ጨመረች። ደነገጥኩ። ተከራክሬ፣ ምዬ፣ ሄጄ ተመልሼ መጀመሪያ ከጠራችው ላይ አደረስኳት። አሸነፍኩ።

ለብሼው መጣሁ። ከጉና የሚወርደው ንፋስ ዛሬ ሰው አጣ። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ደስ ይላል፣ ከበድ ብሎ። ቁልፉ ብቻ እጄን አስቸገረ፣ ወደ ግራ ይሄዳል። ፈረንጁ ግራኝ ኖሯል አልኩ። እጅጌው ይረዝማል፣ ልብስ ሰፊው ካሳ ያሳጥረዋል።

ጥር 5፣ ማክሰኞ።

ደብተሬ፣ ዛሬስ አልጽፍም ብዬ ነበር። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት የያዝኩት ነው፣ ስናደድ ደግሞ ይብሳል።

ሰፊው ካሳ አብሮ አደጌ ነው። ካፖርቱን ዘረጋ። ገለበጠ። እኔን አየ፣ ካፖርቱን አየ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሳቀ። "አንተ ደምሴ፣ ይሄኮ የሴት ነው!"

ምን ሲደረግ አልኩ። አሳየኝ። የወንድ ቁልፍ በቀኝ ነው የሚተከለው፣ ይሄ በግራ ነው። ወገቡም ገባ ብሎ ተቆርጧል። ፈረንጁ ግራኝ ነው አልኩት። ፈረንጇ ናት አለ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በእኔ ላይ ይስቃል ብዬ ልጣላው ነበር፣ ግን ሲስቅ የዱሮው ካሳ ሆነብኝና ተውኩት።

ቁልፉን አዙርልኝ አልኩ። ይዞራል፣ የቀዳዳው ቦታ ግን አይጠፋም፣ አይቶ የሚያውቅ ያውቀዋል አለ። የገሳይ ሰው በግ ነው የሚያውቀው፣ ማን ያይሃል አለኝ።

ማን ያየኛል? ጨርቅ ነጋዴው! ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍና እጅጌ ሲያይ የኖረ። በዳሱ ውስጥ ከጎኑ ነው የሚያስቀምጡኝ። ለምርቃት ስነሣ ሰው ሁሉ ያየኛል።

ከዘበኛ ወደ አሮጊት። እድገት ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ።

ለትርንጎ ልመልስ ሄድኩ። የሴት መሆኑን ታውቂ ነበር? አልኳት። አልካደችም። "አውቃለሁ። ብነግርዎ ይለብሱት ነበር?"

ሴቶች ሁላችሁ አንድ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የገባችሁት? አልኩ። ትርንጎ አልሳቀችም። ሰው ሞቆት ሲሄድ ደስ ይለኛል፣ ለዚያ ነው አለች። አሁንም ካልፈለጉት ገንዘብዎ ይኸው። ዘረጋችልኝ። ካፖርቱ በክንዴ ላይ ነው። እሷ እጇን እንደዘረጋች፣ እኔ እንደያዝኩ ቆምን። ገዥ መጣ፣ ሄደ።

እጄ አልለቀቀም። ይዤው ተመለስኩ። መልበሴን ግን እንጃ።

ጥር 11፣ ሰኞ። ጥምቀት።

ታቦቱን ሸኘሁ። ካፖርቱን ከጋቢ ሥር ለበስኩት፣ ማንም አላየም። ሞቀኝ። ጋቢው ሲንሸራተት መሳብ፣ ሲንሸራተት መሳብ። እንደ ሌባ። ዘፈኑንም ሆታውንም ሳልሰማ ዋልኩ።

ሙቀቱ ደግ ነው። መደበቁ ነው የመረረኝ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ። ከሰዓት።

የሺ መጣች። ያልኩትን ሳትሰማ ሙሉ ሱፍ ገዝታ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ። ገና ሳልቆጣ ካፖርቱን ከተሰቀለበት አየችው። አወረደችው። ለበሰችው። እጅጌውን ካሳ አሳጥሮታልና ልክ ነው! የተለካላት ይመስላል። በልጅነቷ የእናቷን ነጠላ ለብሳ እንደምትዞረው ዞረችልኝ።

የሴት መሆኑን ነገርኳት። አላሳቃትም፣ ዘዴ ነው የታያት። እርስዎ ሱፉን ይልበሱ፣ ካፖርቱን እኔ እለብሳለሁ። እርስዎም ያምርብዎታል፣ ካፖርቱም ቦታውን አገኘ። ማንም አያውቅም አባባ።

ልክ ናት። የሚነቀፍ ነገር የለውም። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

ማንም አያውቅም የሚለው ግን መለሰኝ። እናትሽ ማንም አያውቅም ብላ አለበሰችኝ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትርንጎም እንዲሁ። አሁን ደግሞ አንቺ? በቃኝ። ሕፃን አይደለሁም፣ የለበስኩትን አውቄ ልልበስ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሱፉን በሙሉ መግፋት ከበደኝ። ሱሪውን እወስዳለሁ፣ የእኔ ሱሪ በእርግጥ አርጅቷል አልኩ። ኮቱን ለወንድምሽ ስጭው። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከላይ ሴት ከታች ወንድ ሊሆኑ ነው? አለች። መርፌ አምጥታ የሱሪውን ጫፍ እዚሁ አሳጠረችልኝ። ካፖርቱን ራሷ መልሳ ሰቀለችው።

ጥር 17፣ እሑድ። ጠዋት።

ታጠብኩ። ጢሜን ተላጨሁ። ሱሪው ልክ ነው። ካፖርቱን ጸበል ረጨሁበት፣ መምሬ እንዳሉት።

ጋቢ አልደርብም። ቁርጥ ነው።

ያ ሰውዬ ከጎኔ ሲቀመጥ ዓይኑ መጀመሪያ ቁልፌ ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ከንፈሩን ሳያላቅቅ እኔ እቀድመዋለሁ። አዎ የሴት ነው፣ አዎ ሰልባጅ ነው፣ ከትርንጎ ተራ ራሴ መርጬ ገዛሁት እለዋለሁ። ጮክ ብዬ። የዳሱ ሰው ይስማ። ቢስቅ አብሬው እስቃለሁ። ባይስቅ ጨርቁን አስዳብሰዋለሁ፣ ነጋዴ ነውና ጥሩ ሱፍ ያውቃል። ከዚያ ተነሥቼ የልጅ ልጄን እመርቃለሁ።

ባጃጁ ደጅ ሆኖ ጥሩንባውን ይነፋል። ይጠብቅ። ሦስቱን ቆልፌያለሁ፣ ግራ እጄ ለምዶታል፣ የቀረኝ የላይኛው ብቻ ነው።